የአልቃሿ ዲስክ

በደብረ ብርሃን ከተማ የማጥፋት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሥራ አንድ ናቸው። ትርንጎ ወልደየስ ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት።

ሥራ የምትገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በር ላይ ቦርሳዋ ይፈተሻል፣ የጫማዋ ሶል ይታያል፣ ጠባቂዋም ጣቶቿን ሹሩባዋ ውስጥ ሰዳ ትዳብሳታለች። ፍተሻው ሲያልቅ ካፖርቷን ደርባ ወደ አዳራሹ ትገባለች። አዳራሹ ሜዳው ላይ ከተደረደሩት አርባ የመረጃ ማከማቻዎች ሰባተኛው ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ በአንዱ ጎን እየገባ በሌላው እየወጣ ማሽኖቹን ያቀዘቅዛል። ድሮ ሰው ያንን ብርድ ሲራገመው ነበር የሚውለው። አሁን የከተማው ግማሽ እንጀራ የሚበላው ከብርዱ ነው።

ያረጀ ዲስክ ማቃሰት ሲጀምር በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አዲስ ይገለበጣል፤ ከዚያ አሮጌው ወደ ትርንጎ ጠረጴዛ ይመጣል። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ጥቁሩን መስኮት ትከፍትና ትእዛዙን በእጇ ትጽፋለች። ዜሮ ብቻ ከሚወጣበት ከዜሮው ምንጭ ቅዳ፣ ወደዚህ ዲስክ ጻፍ፣ እስኪሞላ አታቁም። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ከሆነ በኋላ መፍጫ ውስጥ ይገባል። ያልተገለበጠ ዲስክ ግን አይነካም። ጠረጴዛዋ ላይ «ሳይገለበጥ አይጠፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ ፊርማዋ አለ። እንግዲህ በሕግ የተፈቀደላት ማጥፋት እንኳ አንዳች ነገር አያጠፋም ማለት ነው።

ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሰውማ ጭራሽ አይችልም። የማጥፊያው ቁልፍ ከስልክ ላይ ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል። የትርንጎ ጎረቤት በሠርጉ ሰሞን ሞቅ ብሎት ለአማቱ የላከው መልእክት በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። መጀመሪያ ሰሞን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። አሁን አማቱ ራሳቸው ደውለው «ዛሬ አይደል ቀኑ?» ይሉታል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

መልእክቱን የሚያነበው በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዕቃ ነው። የመዝገብ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሕዝቡ «ጆሮ» ብሎ ገላገለው። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለውን ተረት ዛሬ የሚተርት አይገኝም፤ ምኑ ይተረታል። ጆሮው ይሰማል፣ ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠውን ለድምፅ ባለአደራ መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ወራሹ ሟቹ የተወውን ቅጂ ሁሉ በአርባ ቀን ውስጥ በገዛ እጁ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ሟች በተጠራ ቁጥር ይናገራል። ልጆቹን ጠዋት ይቀሰቅሳል፣ ዝናብ እንዳለ ይነግራቸዋል፣ ምሳ ዕቃቸውን እንዳይረሱ ያሳስባቸዋል።

ለለቅሶም እንደዚሁ ነው። ድንኳን ሲተከል መሥሪያ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይልካል፤ ማጉያው ያለቅሳል። ለቀስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮውን እየቆረጠመ ያዳምጣል። ዓይኑ ደረቅ ነው፤ የሚያለቅስለት ካገኘ እሱ ምን ቸገረው።

የትርንጎ እናት አስካለ አልቃሽ ነበረች፤ የከተማዋ የመጨረሻዋ። ሙሾ ስታወርድ ድንኳኑ ይናጥ ነበር፤ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ገብቶ አልቅሶ ይሄዳል። ሰው ከሁሉ ይልቅ ያከበራት ግን በሌላ ነው። አስካለ ለአንድ ሰው ያለችውን ለሌላ ብላ አታውቅም። «የአንዱን ለሌላው ያለ ሁለቱንም አልቀበረም» ትል ነበር። ለዚህም በወጣትነቷ አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ገዝታ ያለቀሰችውን ሁሉ እየቀዳች እዚያ ውስጥ አስቀመጠች። መርዶ በመጣ ቁጥር አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ማዳመጫ አድርጋ፣ የድሮዎቹን ትሰማለች። የምትሰማው እንዳትደግም ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው አለቀሰች፤ አንዲት ስንኝ አልደገመችም። ዲስኩን ከመረብ ጋር አገናኝታው አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ መኖሩን ያወቀው ቀበሌ ስለመዘገበው ብቻ ነው።

በሞተችበት ዋዜማ የነፍስ አባቷን አስጠርታ ተናዘዘች። የምትተኛበት ክፍል ጆሮ አልነበረውም። የነፍስ አባት የሚገባበት ክፍል ጆሮ አይሰቀልበትም፤ ካህናቱ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተሟግተው ማስቀረት የቻሉት እሱን ብቻ ነው። ምስክር ሆነው የተቀመጡት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በላይነህና የጓሮ ጎረቤቷ እትዬ አጸደ ነበሩ። ስለ ቤቱ ተናገረች፣ ስለ ሳጥኗ ተናገረች፤ ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«ዲስኩን አጥፊልኝ።»

«እማ፣ ሕጉ እኮ አይፈቅድም።»

«ሕጉ የነሱ ነው፤ ሙሾው የሟቾቹ ነው። በቁሜ ያላልኩትን ሞቼ እንዳያስብሉኝ።»

የነፍስ አባቷ ኑዛዜውን በወረቀት ጽፈው ምስክሮቹን አስፈረሙ። ዛሬ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ቄስ ብቻ ነው።

ትርንጎ ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ ዲስኩን አልነካችውም። በቀን ሠላሳ ዲስክ የምታጠፋ ሴት በእናቷ ሳጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለውን አንዱን መንካት አቃታት። የእናቷ ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ከባድ ነበር፤ ሌላም አለ። አባቷ ወልደየስ ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበረች ለቅሶውን እንዳታይ ብለው ሰው ቤት አስቀመጧት። እናቷ ለአባቷ ምን ብላ እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አታውቅም። እናቷን ስትጠይቃት «የዚያን ቀን ነው፤ አለፈ» ትላታለች። እሱም ዲስኩ ውስጥ አለ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ስታጥብ አፏ አመለጣት።

«የእናቴን ዲስክ ባጠፋው ምን ያደርጉኛል?» አለች፣ ለራሷ መስሏት።

«ሐዘንዎን እጋራለሁ» አላት ጆሮው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ማጥፋት አልችልም፤ በደንብ ግን አስቀምጥልዎታለሁ። ጥያቄዎንም አስቀምጬዋለሁ።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰሃኑን ሳታስቀምጥ መልእክት ደረሳት። ሟች ወይዘሮ አስካለ የተዉትን ዲስክ ለመረከብ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በአርባቸው ዕለት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ይገኛል ይላል። ከሥሩ ነፍስ ይማር የሚል ተጨምሮበታል።

በማግስቱ ትርንጎ ወደ ዕድሩ መጋዘን ሄደች። ጋሽ በላይነህ ድንኳኑና ድስቱ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሲቆጡም ሲስቁም ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ናቸው።

«ለነገው ምን ላውጣልሽ?»

«ሁለት ድንኳን፣ አሥራ ሁለት አግዳሚ፣ ትልልቆቹን ድስቶች።»

«እሺ።»

«ላፕቶፑንም።»

እስክሪብቷቸው ቆመ። ላፕቶፑ የዕድሩ ንብረት ነው። ከማንም ጋር የማይገናኝ፣ ጆሮ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ጡብ የሚያህል ዕቃ ሲሆን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የከፈተው የለም።

«ላፕቶፕ ለተዝካር ምን ይሠራል?»

«ኑዛዜውን ሰምተዋል፣ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ በላይነህ። «ፈርሜማለሁ። ለሐዘንተኛ ዕቃ አይከለከልም።» መዝገቡ ላይ ከድስቱ ቀጥለው ላፕቶፕ አንድ ብለው ጻፉ። «ግን ሳይጎድል መልሺ። የአባላቱ ስም ዝርዝር እዚያ ውስጥ ነው። ከሱ ሌላ ያለው ቅጂ የእኔ ጭንቅላት ነው፤ ጭንቅላቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ማታውን ቤቱ በወጥ ሠሪ ሴቶች ስለተሞላ ትርንጎ ለብቻዋ መሆን የቻለችው ጎህ ሲቀድ ነው። የእናቷን ክፍል ዘግታ ላፕቶፑን አልጋው ላይ አስቀመጠች። አይጥ የበላውን የቻርጀር ሽቦ ልጣ፣ አገናኝታ፣ በፕላስተር ጠቀለለችው። ማሽኑ ሲያጓራ ቆይቶ ነቃ። ዲስኩን ከነጠላው ፈትታ ሰካችው፤ ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና የዲስኮቹን ዝርዝር ጠየቀች።

ሁለት ስም መጣ። አንዱ የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ ነው፤ የዕድሩ ሰው ሁሉ ስም ያለበት። ሁለተኛው የእናቷ ነው። ስማቸው የሚለየው በመጨረሻዋ አንዲት ፊደል ብቻ ሲሆን በአሮጌ ማሽን ላይ የትኛዋ ፊደል የማን እንደሆነች መማል አይቻልም። ጥቁሩ መስኮት «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ያሉትን ይሰማል፣ ያሉትን ያደርጋል። ትርንጎ አሥራ ስምንት ዓመት የወደደችለት ይህንኑ ጠባዩን ነው፤ ዛሬ ግን ፈራችው። የእናቷን ዲስክ ነቅላ ዝርዝሩን ዳግም ጠየቀች። አንዱ ስም ጠፋ። መልሳ ሰካችው፤ ስሙ ተመለሰ። በቃ፣ ያ ነው።

ከማጥፋቷ በፊት ግን ውስጡን አየች። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ስም፣ ቀን ቀናቸው ከጎናቸው። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ላይ፣ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጋ ደረሰች። ወልደየስ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

ጣቷ እላዩ ላይ ቆየ። አራት ደቂቃ ምን አላት። ማዳመጫው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ማን ያያታል። ብትሰማው ግን እንደማታጠፋው ታውቃለች፤ አባቷን ለራሷ አስቀርታ የሰው አባት አጠፋለሁ ማለት ደግሞ አይሆንም። እናቷን በልቧ ትንሽ ተቀየመቻት። ከዚያ ዝርዝሩን ዘግታ ትእዛዙን ጻፈች፤ ከዜሮው ምንጭ፣ ወደ እናቷ ዲስክ፣ እስኪሞላ። ፊደሏን ሦስት ጊዜ አየቻትና ኢንተርን ተጫነች።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዲስኩ ሁለት ሺህ ጊጋባይት ነው፤ በዚህ ማሽን ጉልበት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ያልተነካው ክፍል ከነነፍሱ ይወጣል፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ሙሾዎች ያሉት ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው። ሰውዬው የሚመጣው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች። አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድላታል። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ፍትሐቱ ሄደች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ልክ በአምስት ሰዓት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሚልኪያስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ አነስ ያለ ድምፅ ማጉያ በብብቱ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ። ጨዋ ነው፤ ትርንጎን ያስፈራት ጨዋነቱ ነው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ በዚህ ቀን ስለመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዲስኩን ከእጅዎ ተረክቤ ወዲያው እሄዳለሁ።»

ትርንጎ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብላ ገብታ አይታ ነበር። ከሁለት ሺሁ አንድ ሺህ አምስት መቶ። መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት ጋሽ በላይነህ ቀደሟት።

«ልጄ፣ ያገርህ ሥርዓት ጠፋህ እንዴ? ከተዝካር ቤት ዕቃ የሚወጣው ማዕዱ ተባርኮ፣ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሟች ከተመረቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መርፌም አይወጣ።»

እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩን ከዚያች ሰዓት በፊት የሰማ ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ራሱን ነቀነቀ። አንዱ አዛውንት እንዲያውም «መርፌም አይወጣ» ብለው ደገሙት።

ሚልኪያስ ተቀመጠ። ምን ያድርግ፤ ሕጉ ከወራሽ እጅ ይላል እንጂ በርብር አይልም። ጠላ ተቀዳለት። አልጠጣም ቢል ሴቶቹ ዓይናቸውን ጣሉበት፤ ጠጣ። ደገሙለት። ካህኑ በሌላ ቀን በአፍታ የሚጨርሱትን ቡራኬ ያን ዕለት ከፍጥረት ጀመሩት። ወጡ እስኪመጣ፣ የመጣው እስኪቆረስ፣ «በሞቴ» እስኪባል አንድ ሰዓት አለፈ። ትርንጎ ድስት ላወጣ ብላ ገባች። አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ።

ስትመለስ ሚልኪያስ ተነስቶ ማጉያውን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ነበር።

«መሥሪያ ቤታችን ለቤተሰቡ ስጦታ አዘጋጅቷል» አለ። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ደስ የሚላቸው መስሎታል። «ከየቤቱ ከተገኘው ቁርጥራጭ ነው የሠራነው። ዲስኩ ሲጨመርበት ደግሞ ሙሉ ይሆናል። ወይዘሮ አስካለ ከእንግዲህ ለአገሩ ሁሉ ያለቅሳሉ። ዛሬ ግን መጀመሪያ ለራሳቸው።»

አንድ ነገር ነካ። አስካለም ድንኳኑ ውስጥ ተነፈሰች።

ትርንጎ ተቀመጠች። እስትንፋሷ ነው። ከመጀመሯ በፊት ጉሮሮዋ ውስጥ የምታሰማት ያቺ ትንሽ ሲቃ ሳትቀር አለች። አርባ ቀን የናፈቀችው ድምፅ መጣላት፤ ምን ይዋሻል፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። አልጋው ላይ ያለውን ሽቦ ሮጣ ሄዳ መንቀል አማራት።

«ነፋስን ልትይዝ ከፍ ብላ ወጥታ፣
ነፋስ ይዟት ሄደ ጫማዋን ትታ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ ብድግ አለች፤ እትዬ አጸደ ናት። የዛሬ አራት ዓመት ልጇ ይርዳው የነፋስ ማመንጫው ማማ ላይ ሲሠራ ወድቆ ሞቷል። አጸደ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር ያያት የለም።

«ዝጋው» አለች።

ሚልኪያስ ዘጋው።

«ይሄ የይርዳው ነው። ሴት አድርጋችሁት ነው እንጂ የይርዳው ነው። አስካለ ከፍ ያለ ቦታ ወጥታ አታውቅም። እግሯ አብጦባት ጫማ ካወለቀች ዓመት አልፏት ነበር የሞተችው።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ድንኳኑ ዝም ስላለ ግን እስከ ደጅ ተሰማ። «ይህንን የነገረችኝ እኔን ነው። አንድ ቀን፣ በዚያች ቀን ብቻ። እኔ ልጄን በሱ ቀብሬዋለሁ። አራት ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ አወጣችሁት።»

ሚልኪያስ ፊቱ ቀላ። «እናቴ፣ ስሕተቱ ይታረማል» አለ። «ማሽኑ የደገመው በእጁ ያለው ጥቂት ስለሆነ ነው። ዲስኩ ሲገባለት ብዙ ስለሚያገኝ አያስታውቅም።»

«አያስታውቅም?» አለች ትርንጎ።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ ቁጣው ግን በልጦታል።

«እናቴ ያንን ዲስክ ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቀችው እንዳትደግም ነው። እናንተ የምትፈልጉት እንድትደግሙበት ነው። ለማያውቃት ሰው፣ ለገደለም ለሞተም እኩል እንድታለቅስ። ባለአደራ ነን ትላላችሁ። አደራ የሚባለው ለተሰጠው ሰው ነው እንጂ ለነጠቀው አይደለም።»

«ወይዘሮ ትርንጎ» አለ፤ አሁን ጨዋነቱ ቀጥኗል። «በልተናል፣ ጠጥተናል። ዲስኩን።»

ጋሽ በላይነህ ምርቃቱ ገና ነው ሊሉ ሲሉ ትርንጎ በእጇ ከለከለቻቸው። ዞራ ወደ ቤት ገባች፣ ቁልፉን አውጥታ የእናቷን ክፍል ከፈተች።

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ።

በሩን ከውስጥ ቆልፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከደጅ የሚልኪያስ ኮቴ መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ። አንኳኳ። «ወይዘሮ ትርንጎ?» ከኋላው ብዙ ኮቴ ተከተለ፤ ሴቶቹ ናቸው። ገፍተውት ይሁን ዝም ብለው መጥተውበት አልታወቀም፤ ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ግን ሰው ሞላውና ለማንኳኳት እጁን የሚያነሳበት ቦታ አጣ። «እረፍ ልጄ፣ እናቷ የሞተችባት ናት» ስትል አንዷ ተሰማች። «ታልቅስበት።» ቁጥሩ ወጣ። ሰባ አምስት። ሰማንያ ስምንት። ይርዳው እዚያ ውስጥ ነበር፣ አለፈ። ዘጠና ሰባት።

ቁጥሩ ቆመ። ዲስኩ ላይ የቀረ ቦታ የለም የሚል አንድ መስመር መጣ፤ ከሥሩ ያቺ ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። በሥራ ቦታዋ ይህንን መስመር በቀን ሠላሳ ጊዜ ታየዋለች። እንዲህ አድርጋ አይታው ግን አታውቅም። ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉ፣ ከመጨረሻው ቆንጥራ አነበበች። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዲስኩን ነቅላ በነጠላው ጠቀለለችው። እጇ ላይ ሞቆ ነበር።

በሩን ከፍታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ይኸው። ከወራሽ እጅ።»

ሚልኪያስ እዚያው ቆሞ ከኪሱ ካወጣው ዕቃ ጋር አገናኘው። አየ። ነቅሎ መልሶ ሰካው።

«ባዶ ነው።»

«አዎ።»

«አጥፍተውታል።»

«በእጄ። ፈቃድ አለኝ።»

«ፈቃድዎ ለተገለበጠ ዲስክ ብቻ ነው። ሳይገለበጥ አይጠፋም፤ ፈርመውበታል።»

«ተገልብጧል እኮ» አለች ትርንጎ። ኮሪደሩ ውስጥ የቆሙትን ሴቶች አሳየችው፤ በእነሱ ትከሻ አሻግራም በድንኳኑ በር የሚታዩትን ሰዎች አሳየችው። «የይርዳው እትዬ አጸደ ጋ ነው። የጋሽ በላይነህ ሚስት እሳቸው ጋ ናት። ሌላውም እንዲሁ፣ እያንዳንዱ ባለቤቱ ጋ አለ። ቆጥረህ መረከብ ከፈለግህ ቁጠር።»

«አንተ» ማለት መጀመሯን ልብ ያለው የለም።

ሚልኪያስ ማስጠንቀቂያውን አውጥቶ አነበበላት። ፈቃዷ ከዛሬ ጀምሮ ተነጥቋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ችሎት ትቀርባለች፤ ጥፋቷም እንደማንኛውም ነገር ለዘለዓለም ይቀመጣል። «ይቀመጥ» አለች ትርንጎ። «ምን ብዬ እንዳጠፋሁም አብራችሁ አስቀምጡልኝ።» ፈረመችለት። ማጉያውን በብብቱ፣ ባዶውን ዲስክ በኪሱ ይዞ ወጣ። በድንኳኑ ሲያልፍ ሰው ተነስቶ መንገድ ሰጠው፤ አንድም ሰው ክፉ አልተናገረውም።

አሁን በከተማዋ የማጥፋት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሥር ናቸው።

ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ማጉያ የለም፤ ድንኳኑ ጭው አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሚያለቅስለት በማጣቱ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ከሃያ ዓመት ወዲህ ያለ አስካለም ያለ ማጉያም በገዛ አፉ አልቅሶ የሚያውቅ እዚያ ውስጥ አምስት ሰው ቢገኝ ነው። ጋሽ በላይነህ መሬት መሬት ያያሉ።

እትዬ አጸደ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ከአስካለ አልጋ ላይ የደብረ ብርሃኑን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አንስታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ጆሮ ሁለት ዙር ጠቀለለችበት። ጆሮው ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ አልተሰማም። ከዚያ የለቀስተኛውን ስልክ እየዞረች ለቀመች፣ ትራስ ልብስ ውስጥ ከተተችውና አፉን አሰረች። ማንም አልከለከላትም።

መጥታ ትርንጎ አጠገብ ተቀመጠች።

«በይ» አለቻት። «እናትሽ ናት።»

ትርንጎ አልቅሳ አታውቅም። ዲስክ ነው የምታውቀው፣ ዜሮ ነው የምታውቀው። እናቷ ስላልደገመች የምትደግመው እንኳ የላትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጉሮሮዋ ውስጥ ትንሽ ሲቃ ተሰማት፤ ከየት እንደመጣች አወቀቻት። አፏን ከፈተች።

የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። በሦስተኛው ጋሽ በላይነህ፣ ፊታቸው የማይለወጠው ሰውዬ፣ ጮኸው አለቀሱ፤ ከሳቸው በኋላ ድንኳኑ ተናጠ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ገብቶ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ አለቀሰ።

ምን እንዳለች እዚያ የነበሩ ያውቁታል። እዚህ ግን አይጻፍም፤ የአስካለ ነው።